ከጋቢናው ጀርባ ያለው ጥግ

ይስማው ባዶ ቦታ ሲያይ እጁን ይበላዋል። ኮምቦልቻ ውስጥ እሱን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሰርግ ከተጠራ ገና ሙሽሮቹ ሳይገቡ አግዳሚ ወንበሮቹን ሲያሸጋሽግ ይገኛል። ሚኒባስ ከተሳፈረ “አንቺ ወደዚህ ጠጋ በይ፣ እርስዎ እዚያ፣ ዘንቢሉ ከሥር ይግባ” እያለ ሰውን ሲደረድር፣ ረዳቱ ሥራውን ተቀምቶ በሩ ላይ ቆሞ ያየዋል። ሚስቱ ቁም ሣጥኗን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ሌባ ፈርታ አይደለም። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ያላትን ልብስ በሙሉ አጣጥፎ አንድ መደርደሪያ ላይ ጨርሶት፣ ሁለቱን መደርደሪያ ባዶ አድርጎ በኩራት ስለጠበቃት ነው።

እንዲህ ያለው ሰው በገዛ እጁ በሠራው ነገር ላይ ባዶ ጥግ ትቷል ቢባል የሚያውቁት ይስቃሉ እንጂ አያምኑም። እሱ ግን ትቷል። እንዴት እንደተወው ደግሞ ራሱም በቅጡ አያውቅም ነበር።

ይስማው ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። የተወለደው በቢስቲማ በኩል ሲሆን ያሳደገችው እህቱ የኔነሽ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ስድስት፣ እሱ ሰባት ዓመታቸው ነበር። እጁን ይዛ ደሴ አወጣችው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ለሰው ልብስ እያጠበች፣ ኋላም የልብስ ስፌት ተምራ አሳደገችው። ባል አላገባችም፤ ለምን እንደሆነ ይስማው የገባው ራሱ አግብቶ ልጅ ከወለደ በኋላ ነው። እሱ እታለም ይላታል፣ እሷ ደግሞ ጺሙ ሸብቶም እንኳ “አንተ ልጅ” ማለቷን አልተወችም።

በአሥራ ሰባት ዓመቱ ጫኝና አውራጅ ሆነ። ጉልበቱ ይህን ያህል የሚወራለት አልነበረም፣ ዓይኑ ግን ሌላ ነበር። ጓደኞቹ ጆንያ እየተሸከሙ ወደ መኪናው ሲሯሯጡ እሱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያያል። ሰነፍ ነው ብለው ያሙት ነበር። ከዚያ “ያንን በጎኑ፣ ይኼን በጀርባው” ይላል፤ አይገባም የተባለው ሁሉ ይገባል። ሠላሳ ሳይሞላው የጫኞቹ አለቃ ሆነ።

የጫኞች አለቃ አንድ ሥልጣን አለው። መኪናው ሲሞላ ስፖንዳውን፣ ማለትም የመኪናውን የጎን ግድግዳ፣ በመዳፉ ሁለት ጊዜ ይመታል። ከሁለተኛው ምት በኋላ ንግግር የለም። ባለ ዕቃው አንድ ጆንያ ቀረኝ ብሎ ቢለምን የሚሰማው አያገኝም። ሾፌሩም ሞላ ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ ወርዶም አያይም፤ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል። ይህን ደንብ የጻፈው የለም፣ ሲጥሰው የታየም የለም። የይስማው መዳፍ ከተሰማ ደግሞ ሾፌር ሁሉ ልቡን ጥሎ ይነዳ ነበር።

ደረቅ ወደቡ ሲከፈት ኮምቦልቻ ወርዶ እዚያው ቤት ሠራ። የኔነሽ ግን ደሴን አልለቅም አለች። በወደቡ ያየው ነገር አእምሮውን ያዘው። ከጅቡቲ ሞልቶ የመጣ ኮንቴይነር ይራገፍና ባዶውን ይመለሳል። “ነፋስ ጭኖ እኮ ነው የሚሄደው” ይል ነበር ለሰማውም ላልሰማውም። የቲማቲሙ ነገር ደግሞ የባሰ አንገበገበው። ቲማቲም በእንጨት ሣጥን ከቢስቲማ ቆላ ይመጣል። ሣጥኖቹ ከተራገፉ በኋላ ባዶአቸውን ለመመለስ የመጡበትን መኪና ያህል ቦታ ይይዛሉ። ሙሉ አይሱዙ፣ ሙሉ ነዳጅ፣ የተጫነው ነፋስ።

ከጦርነቱ በኋላ ይስማው ጫኝነቱን ተወ። ጉልበቴን አመመኝ አለ፣ ሰውም አመነው። ከአንድ ብረት ቤት ተጠግቶ ሲያጣጥፍና ሲፈታ ሁለት ዓመት ቆየ። በመጨረሻ ጎኖቹ በማጠፊያ ወደ ውስጥ የሚተኙ፣ ሲታጠፍ ውፍረቱ ከአንድ ጭብጥ የማይበልጥ ሣጥን ሠራ። በአንድ ባዶ ሣጥን ቦታ አምስቱ ታጥፈው ይተኛሉ። የብረት ቤቱ መሐንዲስ ሊዲ ለሣጥኖቹ ልክ የሆነ፣ አይሱዙ ላይ የሚገጠም የላሜራ ኮንቴይነር ነደፈች። ሊዲ የደሴ ልጅ ናት፤ የሠላሳ ዓመት ሴት፣ ሥዕል ስትሥል መዝሙር የምታንጎራጉር፣ በቁጥር ቀልድ የማታውቅ። የአትክልት ነጋዴዎች ማኅበር ነገሩን ሰምቶ መጣ። በሙከራው ቀን ከረካ መኪናዎቹን ሁሉ በዚህ ሊቀይር ነው፣ ካልረካ ከሌላ ከተማ የመጣ ተወዳዳሪ አለ። የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ኪዳኑ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ “ባዶ ቦታ እንዳላይ።”

ሙከራው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሊዲ ይስማውን ወደ ኮንቴይነሩ ጠራችው። ሣጥኖቹ ተደርድረዋል። በቀኝ በኩል፣ ከጋቢናው ጀርባ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ አንድ ጥግ ባዶውን ቆሟል።

“ጋሽ ይስማው፣ ይኼ ጥግ ምንድን ነው?”

“መተንፈሻ ነው። ቲማቲም ይተነፍሳል።”

“መተንፈሻውንማ ጣሪያው ላይ አበጅተናል። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስበሱኝ።”

ይስማው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ሊዲ ሜትሯን ዘርግታ አንዱን ሣጥን ለካች።

“እያንዳንዱ ሣጥን ከሥዕሉ ሁለት ጣት ይረዝማል። በልኩ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥግ ሰባት ሣጥን ይይዝ ነበር። ባለፈውም እንዲሁ ነበር፣ ልኩን አሳጥሬ ሰጠሁዎት። ከዚያ በፊትም እንዲሁ። ለብረት ቆራጮቹ ልክ የሚሰጡት እርስዎ ብቻ ነዎት። የተናደድኩ እንዳይመስልዎ፤ ብቻ አልገባኝም።”

እሱም አልገባውም። በሜትር ሳይሆን በክንድና በስንዝር መለካት የለመደ እጅ ነው፤ ሊሳሳት ይችላል። ሦስት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ መሳሳቱ ግን አስፈራው። ሊዲ ከሄደች በኋላ ገብቶ ጥጉ ፊት ቆመ። ወርዱ አንድ ክንድ ከስንዝር ነው። ጉልበቷን አቅፋ የተቀመጠች ሴት ልክክ ብላ የምትገባበት ነው። ወለሉ ላይ ምንም የለም፣ ላሜራው አዲስ ነው፣ የቀለም ሽታ ይሸታል። ይስማው ግን የነጠላ ጫፍ ሲሰበሰብ የሰማ መሰለው፤ ሰው መንገድ ሲለቅ እንደሚያደርገው። ፀሐይ በበሩ ገብታ እያለ፣ ለጥጉ ጀርባውን ሳይሰጥ ወደ ኋላ እየተራመደ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ ደሴ ስትሸሽ፣ ይስማው ሚስትና ልጆቹን ቀደም ብሎ ደብረ ብርሃን ልኳል። የኔነሽን ለማውጣት አብዱልባሲጥ በሚባል ሾፌር መኪና ቧንቧ ውሃ ወጣ። አብዱልባሲጥ ሃያ ዓመት አብሮት የሠራ የቃሉ ወረዳ ሰው ነው። አይሱዙው ላይ የሰው አደራ የሆነ ሠላሳ ኩንታል ማሾ ነበረበት፣ የሚያራግፉበት ጊዜ አልነበረም። ይስማው ኮቱን አውልቆ የኔነሽ በር ጀርባ ያለው ሚስማር ላይ ሰቀለና ጆንያዎቹን አስተኛ፤ የሰፈሩን ሰው ከነጓዙ በላያቸው ሊደረድር። መጀመሪያ የጫነው የኔነሽን ነው። ከጋቢናው ጀርባ በቀኝ በኩል ያለውን ጥግ፣ ነፋስ የማይደርስበትን፣ መኪና ሲነጥር የማያላጋውን፣ የመኪናውን ምርጥ ቦታ ለእሷ ሰጣት። ከዚያ አሮጊቶቹን፣ ከዚያ ሕፃናት የያዙትን፣ ከዚያ ሌላውን። ሰው ላይ ሰው ሆነ። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከወዲያ ማዶ ይሰማል። ይስማው ከኋላ ገመዱን አስሮ ቀና ብሎ አየ፤ ሞልቷል። መዳፉን አነሳና ስፖንዳውን ሁለቴ መታ። ጋቢና ዘሎ ሲገባ አብዱልባሲጥ ነዳ።

ጫኝ የሆነ ሰው ይህን ያውቃል፦ ውስጥ ድረስ ገብቶ መጀመሪያ የተጫነ ዕቃ ተመልሶ አይታይም፤ በላዩ ሌላ ተጭኖበት የት ይሄዳል? የሚታየው መጨረሻ ላይ የተጫነው፣ ጠርዝ ላይ ያለው፣ ሊወድቅ የሚችለው ነው። ይስማው ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደዚህ ሠርቶ አንድም ዕቃ አልጠፋበትም። ያን ቀንም እንደ ልማዱ ጠርዙን አየ፣ ጥጉን አላየም።

መኪናው በሐረጎ ጠመዝማዛ እየተናጠ ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ ሐርቡ ሲደርስ ሰዉ ውሃ ሊጠጣ ወረደ። ጭነት ይረጋል፤ ማሾው ተናጦ ዝቅ ብሏል። ከጋቢናው ጀርባ የኔነሽ ቦርሳ ብቻዋን ተቀምጣለች። “ጋቢና የገባች መስሎን” አሉ አጠገቧ የነበሩት። አንዲት አሮጊት ግን፣ ገመዱ ሲታሰር ጎማውን ረግጣ በጎን ስትወርድ አይተዋታል፤ መጣሁ ብላ። ቦርሳዋ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የስኳር መድኃኒቷ አለ፣ በየቀኑ የምትወጋው። መንገዱ ከኋላቸው ተዘግቷል። ይስማው ደብረ ብርሃን ሲደርስ መድኃኒቱ እንዳይበላሽ አንዱን ባለ ሱቅ ለምኖ ፍሪጅ ውስጥ፣ በለስላሳ ጠርሙሶች መሃል አስቀመጠው። በየቀኑ እየሄደ አየው። ባለ ሱቁ አንድ ቀንም ለምን አላለውም።

ታኅሣሥ ላይ ሲመለሱ የኔነሽ ኅዳር አጋማሽ ተቀብራለች። የቀበሯት ሁለት የቀሩ ጎረቤቶች ናቸው። ብዙም አልተሠቃየችም አሉት፣ ይህን ሁሉም ሰው ይላል። ቤቷ ውስጥ ብዙ ነገር አልነበረም። ቡናማ ኮቱ ከሚስማሩ ወርዶ አልጋዋ ራስጌ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሲበርዳት ደርባው ይሆናል አለ። ወስዶ ከነእጥፋቱ በላስቲክ ጠቅልሎ ቤቱ አስቀመጠው፤ ከዚያ ወዲህ አልለበሰውም።

ሚስቱን ጨምሮ ሰው የሚያስበው፣ መዳፉ ያን ቀን ስለመታው ስፖንዳ እንደሚጨነቅ ነው። እሱም አለ። ሌት ተቀን የሚበላው ግን ሌላ ጥያቄ ነበር፦ ለምን ወረደች? በሩን ልትቆልፍ? ያን ቀን በር የሚቆልፍ ማን ነበር። መድኃኒቷን እንዳይባል ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ለዶሮዋ ብላ ከሆነስ? አንዳንዴ ይናደድባታል። “ካስቀመጥኩሽ ቦታ ቁጭ ብትዪ ምን ነበረበት?” ይላታል ብቻውን ሲሄድ፣ ድምፁን አውጥቶ። ከዚያ የሞተችን እህቱን በመቆጣቱ ያፍራል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖረ። ስፖንዳ መምታትም ተወ፤ ሲያስጭን ሞልቷል ብሎ በአፉ ይናገራል።

ከአብዱልባሲጥ ጋር ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ግን እሱም ተለውጧል። ሞተር ከማስነሳቱ በፊት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ “የቀረ አለ?” ይላል። ሲሚንቶ ጭኖም ይላል፣ በርበሬ ጭኖም ይላል። ጫኞቹ “አንድ ጆንያ ሽንት ቤት ሄዷል፣ ጠብቀው” እያሉ ያሾፉበታል። አይስቅም፣ መልስ እስኪሰጡት ይጠብቃል።

ይስማው የሊዲን ሥዕል ተቀብሎ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ በራሱ እጅ አሳጠራቸው። ሁለት ጣት ብረት ተቆርጦ በወደቀ ቁጥር የኔነሽን ቦታዋን እየቀማት ያለ ይመስለው ነበር። አንዴ መጋዙን አቁሞ ወጣና ቦርከና ወንዝ ዳር እስኪረጋጋ ቆመ። ተመልሶ ቆረጠ። ስድስት ሰው በዚህ ሥራ ይተዳደራል፤ ለእነሱ ምን ብሎ ይነግራቸዋል።

የሙከራው ቀን አቶ ኪዳኑ ከሦስት ነጋዴዎች ጋር መጡ። መኪናው የአብዱልባሲጥ ነበር። ይስማው ከውስጥ ጀምሮ ደረደረ ቢባል ይቀላል፤ እሱ ግን ጥጉን ለመጨረሻ እንዲተውለት መሃሉን መተላለፊያ አድርጎ ዙሪያውን ሞላ። ሊዲ አየችው። በመጨረሻ ሰባቱን ሣጥን አንድ በአንድ ተሸክሞ ገብቶ ጥጉ ላይ ቆለላቸው። ሰባተኛው ከጣሪያው ሥር እንደ መሳቢያ ሸተት ብሎ ገባ። ከዚያ መተላለፊያውንም እየሞላ ወደ ኋላ ወጣ። አቶ ኪዳኑ ባትሪ አብርተው በክፍተቶቹ አጮለቁ። ጣት የሚያስገባ ቦታ የለም።

“እግዜር ይስጥህ” አሉ። “በል መኪናው ይንቀሳቀስ፣ ሲናጥ እንየው።”

በሩ ተዘጋ። ሁሉም ይስማውን ያያሉ። ይስማው መዳፉን አነሳ፤ ለምን እንዳነሳ አያውቅም። ላሜራውን አንዴ መታው። ባዶ ያልሆነ ነገር የሚያወጣው ድፍን ድምፅ ወጣ። ሁለተኛውን ለመምታት ክንዱ አልታዘዝ አለው።

አብዱልባሲጥ አንገቱን አወጣ። “የቀረ አለ?”

ነጋዴዎቹ ሳቁ። ይስማው እጁ ላሜራው ላይ እንደሆነ “አለ” አለ።

ሳቁ ቆመ። አብዱልባሲጥ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ዞሮ መጣ። እንደ ይስማው መዳፉን ላሜራው ላይ፣ ጥጉ ባለበት በኩል አሳርፎ ቆመ። ሲናገር ወደ ይስማው አላየም።

“ወላሂ፣ ሐርቡ ላይ ልነግርህ ነበር። አንደበቴ ተያዘ። ከዚያ አንድ ቀን አለፈ፣ ከዚያ ወር አለፈ። በስፖኪዮ አይቻት ነበር።”

“ማንን?”

“የኔነሽን። ልክ እንደተነሳሁ። ሰዉ ብዙ ነበር፣ ሁሉም እጁን ያነሳ ነበር፣ ከሰው አንዷ ናት አልኩ። ደግሞ አንተ መተሃል። አንተ ከመታህ የኔ ዓይን ምን ዋጋ አለው? ያየሁትን እንዳላየሁ አድርጌ ነዳሁ። እሷ መሆኗን ያወቅሁት ባዶውን ጥግ ሳይ ነው።”

ይስማው ይህን ሰው ማነቅ የሚገባው ይመስል ነበር። የመጣበት ግን ቁጣ አልነበረም፤ ያቺ የኖረች ጥያቄ ናት። “ትሮጥ ነበር?”

“አትሮጥም። በሯ ላይ ቆማለች። የምንመለስ መስሏት ነው መሰለኝ። በእጇ ኮት ይዛለች፣ እንዲህ ከፍ አድርጋ ታሳየኝ ነበር። የወንድ ኮት፣ ቡናማ። ሁሌ እገረማለሁ፣ በዚያ ሰዓት የወንድ ኮት ምን ይሠራላታል?”

ይስማው ጀርባውን ላሜራው ላይ አስደግፎ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን አቀፈ። ያን ቀን በሸሚዝ ነበር፤ በደብረ ብርሃን ብርድም ሦስት ቀን በሸሚዝ ነበር። አለቀሰ፣ ሰው ፊት፣ ሳይደበቅ። አብዱልባሲጥ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እጁን ትከሻው ላይ አደረገ፤ “አብሽር” አለው። አቶ ኪዳኑ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነጋዴዎቹን ይዘው ራቅ አሉ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ይስማው ተነሳ። ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፣ ላሜራውንም ለሁለተኛ ጊዜ መታው። አብዱልባሲጥ መኪናውን ይዞ ወጣ፣ እስከ ሐረጎ ግማሽ ወጥቶ ተመለሰ። በሩ ሲከፈት አንድም ሣጥን አልተነቃነቀም።

በማግስቱ ይስማው ብረት ቤቱ በሰዓቱ ገባ። የኮምቦልቻ ፀሐይ ቆርቆሮውን አግሎታል፣ ሠራተኛው በካናቴራ ነው። እሱ ግን የታጠፈበት መስመር ያልለቀቀ ቡናማ ኮት ለብሶ እስከ ላይ ቆልፎታል፣ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ሊዲ ከሥዕሏ ቀና ብላ አየችው።

“ጋሽ ይስማው፣ በዚህ ሙቀት ኮት?”

“እህቴ አምጥታልኝ ነው” አለ።